ር የማይጠራበት ቋንቋ

እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። ር የሚባለውን ድምፅ ከአፋችሁ ሙሉ በሙሉ አውጡና አማርኛ ተናገሩ። በር የለም። ራት የለም። ዶሮ፣ በርበሬ፣ ብር፣ ፍቅር፣ አንዳቸውንም እንደለመዳችሁት መጥራት አትችሉም። ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳትሄዱ ትደናቀፋላችሁ።

ር የሌለው ቋንቋ ግን አለ። ሰው ይዋደድበታል፣ ይጣላበታል፣ ልጅ ያሳድግበታል፣ አንድም ነገር አይጎድልበትም። ከዳያን ይባላል። የሚነገረው በቦርኒዮ ደሴት ላይ፣ ብሩናይ ውስጥና በማሌዥያ ግዛቶች በሳራዋክና በሳባ፣ እንዲሁም በላቡአን ደሴት ነው። ስሙን የማያውቅ አንባቢ ቢበዛ አይገርመኝም። እኔ ግን ስለ ድምፆቹ ካነበብኩ ወዲህ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል፤ ምክንያቱም እዚህ ለገጣፎ፣ እኔ በምኖርበት ሰፈር፣ ስለ አነጋገር በየቀኑ የምሰማቸውን ወቀሳዎች በሌላ ጆሮ እንድሰማ አድርጎኛል።

ዓለም አቀፉ የፎነቲክስ ማኅበር የሚባል አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1886 ፓሪስ የተመሠረተ። በመጽሔቱ ላይ የየቋንቋውን ድምፆች በጥቂት ገጾች አጠቃልሎ ያወጣል። አማርኛም ወጥቷል፣ ከዳያንም እ.ኤ.አ. በ2014 ወጥቷል። ለእንዲህ ዓይነቱ ጥናት ብዙ ጊዜ የሚነበበው ያው አንድ የኤዞፕ ተረት ነው፤ የሰሜን ነፋስና ፀሐይ ማን ይበረታል ብለው የተከራከሩበት፣ የመንገደኛውን ካባ ለማስወለቅ የተፎካከሩበት። ትንሽ ተረት ናት፤ ግን አንድ ሰው በራሱ ቋንቋ ሲተርካት አብዛኞቹ ድምፆች በተፈጥሯዊ አካሄዳቸው ይሰማሉ።

የከዳያን ተነባቢዎች ከ20 በታች ናቸው። አማርኛ እንደ አቆጣጠሩ ወደ 30 ስለሚጠጋ የእነሱ ዝርዝር ለእኛ ቀለል ያለ ይመስላል። ፕ፣ ብ፣ ት፣ ድ፣ ክ፣ ግ አሉ። ች እና ጅ አሉ። ስ፣ ህ፣ ል፣ ም፣ ን፣ ው፣ ይ አሉ። ኝም አለች። እሷን ሳይ ደስ አለኝ፤ ኘ ግዕዝ ውስጥ የለችም፣ ከሸ፣ ከቸ፣ ከጀ፣ ከዠ፣ ከጨና ከኸ ጋር አማርኛ ለራሱ ድምፆች ብሎ የጨመራት ፊደል ናት፣ እዚያ ማዶ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ቤቷ ነው። ጉሮሮ ዘግተን የምናፈነዳቸው ጥ፣ ቅ፣ ጭ፣ ጽ፣ ጵ ግን አንዳቸውም የሉም። ፍ እና «ዝ»ም ከዳያን በሚመደብባቸው በማላይ ቋንቋዎች ውስጥ የሚገኙት በአብዛኛው ከዓረብኛና ከሌሎች ቋንቋዎች በገቡ ቃላት ነው። አናባቢዎቹም ጥቂት ናቸው፤ የከዳያን የቅርብ ዘመድ የሆነው የብሩናይ ማላይኛ አ፣ ኢ እና ኡን ብቻ ይዞ ይሠራል። መደበኛው ማላይኛ እንደ እኛ «ከ» ቀለል አድርጎ የሚጠራውን አናባቢ እነሱ ወደ «ካ» ያደርጉታል። የሕዝቡ ስም ካዳያን ተብሎም የሚጻፈው ለዚህ ነው።

ከዳያንን ከጎረቤቱ የሚለየው ትልቁ ነገር ግን ያልኳችሁ ር ነው። በብሩናይ ማላይኛ ቤት ሩማህ ይባላል። በከዳያን ኡማህ። ር የነበረበት ቦታ የለም። በል አልተተካም፣ በሌላ ድምፅም አልተሸፈነም፣ ቃሉ በአናባቢው ይጀምራል፣ አለቀ።

እዚህ ላይ ስለ ሕዝቡ ትንሽ ማለት አለብኝ። የብሩናይ ማላዮች በጥንት ኑሯቸው የውኃ ሰዎች ናቸው፤ ወንዝ ላይ በእንጨት ምሰሶ ቤት ሠርተው፣ ዓሣ እያጠመዱና እየነገዱ የኖሩ። ከዳያኖች ደግሞ የየብስ ሰዎች፣ ሩዝ አብቃይ ገበሬዎች። በአፍ ታሪካቸው አያቶቻቸው ከጃቫ በሱልጣን ቦልኪያህ ዘመን እንደመጡ፣ ሱልጣኑም በእርሻ ሙያቸው ተደስቶ እንዳመጣቸው ይተርካሉ። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ማካን ታሁን የሚሉት ዓመታዊ የምስጋና ግብዣ አላቸው፣ መንደሩ ሁሉ አንድ ላይ ይበላል። የብሩናይ የ1961 የዜግነት ሕግ ከአገሪቱ 7 ነባር ወገኖች አንዱ አድርጎ በስም ይጠቅሳቸዋል፤ ሌሎቹ ብሩናይ፣ ቱቶንግ፣ በላይት፣ ዱሱን፣ ቢሳያና ሙሩት ናቸው። እንግዲህ የውኃው ሰው ሩማህ ሲል የየብሱ ሰው ኡማህ ይላል። የሁለቱን ንግግር ቶሎ ከሚለዩት ምልክቶች አንዱ ይህች ር ናት።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። እኛ አገር ርን በደንብ የማይጠራ ሰው ስም አለው፤ ኮልታፋ። ልጅ ሆኖ በርን «በል»፣ ራትን «ላት» ሲል ይሳቅበታል። ትልልቆቹ «እስቲ በርበሬ በል» እያሉ ደጋግመው ያስጠሩታል፣ ልጁም መጀመሪያ አብሮ ይስቃል፣ ከዚያ ዝም ማለት ይጀምራል። የጎረቤቴ ልጅ እንዲህ ነው። ጎበዝ ነው፣ ኳስ ይወዳል፣ ግን ሰው ሲበዛ አይናገርም። ር ለማንም ልጅ ቀላል አይደለችም። ምላስን ዘና አድርጎ ጫፏን ብቻ ማርገብገብ ትጠይቃለች፤ በብዙ ቋንቋዎች ልጆች መጨረሻ ላይ ከሚይዟቸው ድምፆች አንዷ ናት። ጊዜ ስጡት። እናቱንም እንዲሁ አልኳት፣ «አይዞሽ፣ እያሳቁበት አታስጠሩት ብቻ» ብዬ።

አንድ ከዳያን እኛ ሰፈር ቢመጣ ምን እንደምንለው አውቃለሁ። ኮልታፋ ነው እንለዋለን። ትልቅ ስህተት ነው። የጎረቤቴ ልጅ አጠገቡ ያሉ ሁሉ የሚጠሩትን ድምፅ ገና እየለመደ ነው። ከዳያኑ ግን ቋንቋውን አሟልቶ ነው የሚናገረው። ደግሞ ምላሱ አቅም አጥቶ አይደለም። አብዛኞቹ ከዳያኖች ሙስሊሞች ናቸው። ቁርኣን ሲቀራ አር-ረሕማን፣ አር-ረሒም ማለት አለ። ትምህርት ቤት የሚማሩት መደበኛ ማላይኛም በር የተሞላ ነው። አንድ ሰው እቤቱ ኡማህ ብሎ፣ ክፍል ውስጥ ሩማህ ብሎ፣ መስጊድ ውስጥ ረሕማን ሊል ይችላል። ር በቋንቋው ሥርዓት ውስጥ ስለሌለች ነው የማትጠራው።

የእኛዋ ር ምን ያህል ሥራ እንዳለባት ስታዩ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። «ይበራል» የሚለውን ጻፉ። መብራቱ ይበራል ስትሉ ር ላልታ ትጠራለች፤ ምላስ አንዴ ነክታ ትመለሳለች። ወፉ ይበራል ስትሉ ር ትጠብቃለች፤ ምላስ ደጋግማ ትርገበገባለች። ፊደሉ አንድ ነው፣ የሚለየው ጆሮ ብቻ ነው። አማርኛ አንዷን ተነባቢ እያላላና እያጠበቀ ሁለት ቃል ያወጣባታል፣ ከዳያን ያለ እሷ ይኖራል። ሁለቱም ሙሉ ቋንቋ ናቸው።

«እኛ ግን ምንም አልጎደለንም» ለሚል ሰው መልስ አለኝ። ጎድሎናል። ፕን እንይ። ፖሊስ፣ ፖስታ፣ ፓስታ፣ ፓርላማ፣ ሁሉም ከውጭ የገቡ ናቸው። በጣም የእኛ ከሆነ ቃል ውስጥ ፕ ፈልጉ፤ ታጣላችሁ። ትልልቅ ሰዎች ቦሊስ ወይም ፎሊስ፣ ቦስታ ወይም ፎስታ ሲሉ የሰማ ሰው ይህንን ያውቀዋል። ድሮ ድሮ፣ የሴም ቋንቋዎች ገና ሳይለያዩ፣ ፕ ነበረች። በዕብራይስጥ ዛሬም አፍ ፔ ነው። በእኛ በኩል ግን ያቺ ፕ ወደ ፍ ዞራ ቀረች። ይህንን የምታነቡበት አፍ ራሱ ድሮ በፕ የሚጠራ ነበር ማለት ነው። ማንም ግን ኢትዮጵያውያን ሁሉ ኮልታፋ ናቸው አላለም፣ ሊልም አይገባም።

ፕ ብቻ አይደለችም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ብለን 3 ፊደል እንጽፋለን፣ የምንጠራው ግን አንድ ድምፅ ነው። አ እና ዐም እንዲሁ። ግዕዝ እነዚህን ለየብቻ ይጠራቸው ነበር፤ ከጉሮሮ የሚወጡ፣ ዛሬ ትግርኛ ተናጋሪ ሐ እና ዐን ሲጠራ የምንሰማቸው ዓይነት። አማርኛ አብዛኞቹን ጥሏቸዋል። የግዕዙ ሰምዐ ሰማ ሆነ። በልዐ በላ። መሐረ ማረ። ለአከ ላከ። ጸሐፈ ጻፈ። ላህም ላም፣ መዓር ማር፣ ርእስ ራስ፣ በዓል ደግሞ ባል። ዝርዝሩን ብቀጥል አያልቅም፤ እኔም ካስጀመሩኝ ማቆም ይቸግረኛል።

ግን እነዚህ የጠፉ ድምፆች ዱካ ትተዋል። ከላይ ያሉትን ቃላት መልሳችሁ እዩአቸው፣ ጉሮሮው በወደቀበት ቦታ ሁሉ «አ» ቆማለች፦ ማ፣ ላ፣ ራ፣ ባ። ሌላም አለ። ልጅ ሆነን ፊደል ስንቆጥር ለ፣ መ፣ ረ፣ ሰ ሁሉም ግዕዛቸው አጭር ነው። ሀ ጋ ስንደርስ ግን እንደ ራብዑ «ሃ» ብለን ነው የምንጠራት። አም እንደዚሁ። ለምን ብዬ ስጠይቅ መልስ የሰጠኝ አስተማሪ አላጋጠመኝም። ምክንያቱ የጉሮሮ ድምፅ አጠገቡ ያለችውን አናባቢ ወደ አ ይጎትታል፤ ጎታቹ ከሄደ በኋላ እንኳን አናባቢዋ በተጎተተችበት ቀረች። ከከ የተወለደችውን ኸን ከሀ ጋር አስተያዩአት፤ ኸ ጉሮሮ አልነበረባትምና አጭር ሆና ቀርታለች። ይህንን ያወቅኩ ቀን ለማገኘው ሰው ሁሉ ስነግር ነው የዋልኩት።

እና ደግሞ የእማማ ነገር አለ። ጎረቤቴ ናቸው፣ ሸዋ ገጠር ተወልደው ያደጉ፣ እኛ ሰፈር ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ። ቡና ጠርተውኝ ተቀምጠናል። የልጅ ልጃቸውን «ልብሱን ጠሐይ ላይ አስጪው» አሏት። ልጅቷ ከደብተሯ ቀና ብላ፣ «ፀሐይ ነው የሚባለው እማማ፣ ጠሐይ አይባልም፣ ቲቸር ነግራናለች» አለች። እማማ አንገታቸውን ደፉ። «እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ አልተማርኩ» አሉ።

ይህ ዓረፍተ ነገር ልቤን ይሰብረዋል። በስንት ቤት ይነገር ይሆን? እማማን እኮ እንደ ቋንቋ ተማሪ ብታዳምጧቸው አንድም ጊዜ አይሳሳቱም። ጾም ጦም ነው። ጸሎት ጠሎት። ጸጉር ጠጉር። ጸበል ጠበል። ጻድቅ ጣድቅ። የሚሳሳት ሰው አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ይላል፤ እማማ ግን ጸ የተባለችውን ሁሉ በአንድ መስመር ወደ ጠ ያወጣሉ። ይህ ሥርዓት ነው። ሩማህን ኡማህ የሚለውም ሰው እንዲሁ በሥርዓት ነው የሚሄደው።

ለልጅቷም እዚያው ነገርኳት። «‹አባዬ መጣ› ትያለሽ አይደል?» አልኳት። «አዎ» አለች። «በግዕዝ መጽአ ነበር፣ በጸ። ‹ወጣ›ም ወፅአ ነበር። አጥንት ዐፅም፣ ጢም ደግሞ ጽሕም። ሁሉም ጠ ሆነዋል። አንቺም መጣ ስትዪ እማማ ጠሐይ በሚሉበት መንገድ ነው የሄድሽው። ስትጽፊ ፀሐይ ብለሽ ጻፊ፣ ቲቸርሽ ልክ ናት። እማማም ልክ ናቸው።» ልጅቷ አያቷን ቀና ብላ አየቻቸው። እማማ «ውሸቱን ነው፣ ሊያስደስተኝ ነው» አሉና ሁለተኛውን ስኒ ቀዱልኝ፣ ግን ፈገግ ብለዋል። ውሸት አልነበረም። ልጆቻችንን አጻጻፍ ማስተማር አንድ ነገር ነው፤ የአያታቸውን አፍ እንዲያፍሩበት ማድረግ ሌላ ነገር ነው፣ ሁለተኛው የግድ ከመጀመሪያው ጋር መምጣት የለበትም። አስተማሪዎች ይህንን ብታነቡ እባካችሁ አስቡበት።

ወደ ከዳያን ልመለስ፣ አንድ የቀረኝ ድምፅ አለ። እነሱ ያላቸው፣ እኛ ግን ብቻዋን የማንጠራት። በማላይ ቋንቋዎች አንድ ቃል መጨረሻ ላይ ን እና ግ ተዋህደው የሚወጡ የሚመስል፣ ግን ግ የሌለበት የአፍንጫ ድምፅ ይመጣል። ማላይኛ «መጣ» ለማለት ዳታንግ ይላል፣ መጨረሻው ይህ ድምፅ ነው። ፊደል ስለሌለን «ንግ» ብዬ ጻፍኩት እንጂ ግ አትሰማም። ድምፁ አፋችን ውስጥ አለ። ባንክ በሉ፣ ቀስ ብላችሁ። ን ስትደርሱ የምላሳችሁ ጫፍ ጥርስ አልነካም፣ ጀርባዋ ነው ወደ ላንቃ የወጣው፣ ምክንያቱም ክ እየጠበቀቻት ነው። እንግዳ ስትሉም እንዲሁ። አሁን ክ ሳትመጣ እዚያው ን ላይ ቁሙ። አገኛችኋት። እኛ ግን ከክ ወይም ከግ ጋር ካልሆነች አንለምዳትም፤ ለዚህ ነው ሚቲንግና ፓርኪንግ ስንል መጨረሻ ላይ «ግ»ን ጥርት አድርገን የምንጨምረው። ከዚህ የሚከብደው ቃል በእሷ ሲጀምር ነው። የማላይ ቋንቋዎች ይጀምሩባታል። እኔ ለብቻዬ ስሆን ደጋግሜ እሞክራለሁ፣ አንዳንዴ ይወጣልኛል።

ሩቅ ሳንሄድ ደግሞ፣ እኛው ጋ፣ የማንጠራው ድምፅ አለ። መገናኛ ላይ ረዳቶቹ «ለገጣፎ! ለገዳዲ!» እያሉ ይጣራሉ። ለገጣፎ ውስጥ ያለችው ጣ ችግር የለባትም፤ ኦሮምኛም አማርኛም ጥን አፈንድተው ይጠራሉ። ለገዳዲ ላይ ነው ነገሩ የሚለወጠው። በኦሮምኛ ለጋ ዳዺ ነው። ለጋ ወንዝ፣ ዳዺ ደግሞ ከማር የሚጠመቅ መጠጥ። መጨረሻዋ ተራ ዲ አይደለችም። የምላስን ጫፍ ወደ ላንቃ አጠፍ አድርጎ፣ አየሩን ወደ ውጭ ከመግፋት ይልቅ ትንሽ ወደ ውስጥ ስቦ መልቀቅ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ከሚጠጣው ውኃ ከፊሉ ከለገዳዲ ግድብ ይመጣል፣ ስሙን በየቀኑ እንጠራለን፣ ያቺን ድምፅ ግን አውጥተናታል። ኦሮምኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቼ በዚህ ስቀውብን አያውቁም። አማርኛ ውስጥ እንደሌለች ያውቃሉ።

የግዕዝ ፊደል ግን ቦታ አዘጋጅቶላታል፣ ዸ ይኸው። ስልክ ላይም ትጻፋለች። የአማርኛ ጽሑፍ ላይ ለገዳዺ ብለን ብንጽፍ ምን ይከብደናል? እኔ ከዛሬ ጀምሮ እንደዚያ ልጽፍ ነው። አጠራሯን ደግሞ የግቢያችን ልጆች እያስተማሩኝ ነው፤ ርን ገና የሚለማመደው የጎረቤቴ ልጅም አብሮ አለ፣ እናቱ ኦሮሞ ስለሆነች ዸን ከሁላችንም በላይ አጥርቶ ይጠራታል።